የማሽላው ማማና የመውጫ ፈተናዬ

ባለፈው ዓመት ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ፊቷን የተሸፈነች አንዲት ሴት ተሰቅላ ነበር። እኔ ነኝ።

እንዳትደነግጡ፣ ፎቶ ነው። እኛ የዩኒቨርሲቲ ልጆች የምረቃ ፎቶ የምንነሳው የመውጫ ፈተናውን ሳንፈተን ነው። ጋውን የሚያከራየውም ፎቶ አንሺውም ግቢ የሚመጡት በዚያ ሰሞን ነው፤ ደግሞም ከፈተናው በኋላ ሰው ፈገግ ለማለቱ ዋስትና የለም። እኔም ጥቁሩን ጋውን ለበስኩ፣ ባለ ዘርፉን ቆብ ደፋሁ፣ መንጋጋዬ እስኪታይ ሳቅሁ። እማዬ ፎቶውን በር አሳክላ አሳተመችና ሰቀለችው። ከዚያ ተፈተንኩ። ከዚያ ወደቅሁ።

ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ። እሱን ካለፍኩ ዲግሪዬን እወስዳለሁ፤ ካላለፍኩ ያ ሁሉ ዓመት እንዳልተማርኩ ይቆጠራል። እማዬ ፎቶውን ማውረድ አልሆነላትም፤ ልጇን የቀበረች መሰላት። እንዲሁ መተዉ ደግሞ ውሸት ሆነባት። አሮጌ ሻሿን አምጥታ ጣል አደረገችበትና "ወረቀቱን ይዘሽ ስትመጪ ትገለጫለሽ" አለችኝ። እንግዳ ሲጠይቃት "ለአቧራ ነው" ትላለች። ሻሹ ስስ ስለሆነ ጥርሴ ከሥሩ ይታያል። ሳሎን ባለፍኩ ቁጥር የገዛ ጥርሴ ይስቅብኝ ነበር።

እንግዲህ ላጥና ብዬ ተነሳሁ። ተነሳሁ ያልኩት ለነገሩ ነው እንጂ ለማጥናት መቀመጥ ያስፈልጋል፤ የእኔም ችግር እዚያ ላይ ነው። ከልጅነቴ ቁጭ ብድግ ማለት አመሌ ነው። እማዬ ስታረግዘኝ መኪና ላይ ሆና ነው መሰል እግሬ አይረጋም። በዚያ ላይ የሸዋ ሮቢት ሙቀት አለ። ወንበሩ ይሞቃል፣ መጽሐፉ ይሞቃል፣ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ቀጥ ይላል፣ ያኔ ሳፋ ሙሉ ውሃ አምጥቼ እግሬን እነክራለሁ፤ ገጽ ሳልገልጥ ውሃው ይሞቅና ልቀይር እነሳለሁ።

ሙቀቱንስ ለምጄው ነበር። ያላሰብኩት ሰዉን ነው። አገሬ ሰው ሲወድቅ ብቻውን አይተውም። የመውደቄ ወሬ በተሰማ ማግስት ሰፈርተኛው እየተጠራራ መጣ። ነጠላውን የደረበው፣ ጋቢውን የተከናነበው፣ ሁሉም ሳሎን ገብቶ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሮ፣ አንገቱን ደፍቶ "አይዞሽ፣ የአላህ ሥራ ነው" ይለኛል። እትዬ አስካለ፣ ቁርስ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን፣ "እግዜር ያጽናሽ" ሲሉኝ የሞተ ሰው ካለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አስተዛዛኝ ደግሞ ባዶ አፉን አይሸኝም። ሻይ የምታፈላው ማን ናት? ሟቿ ናት። ትሪውን ይዤ ስዞር አንዱ ብርጭቆውን እያስሞላ እማዬን "ልጅቱን ሥራ አታብዢባት፣ ጥናት አለባት" ይላታል። እማዬም "እኔስ መች አዛለሁ" ትልና ስኳር እንዳመጣ በዓይኗ ትጠቅሰኛለች።

ከሁሉም የማልረሳቸው ጋሼ ኃይሉን ነው። ጋሼ ኃይሉ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ግማሹ ከተማ በእጃቸው አልፏል፤ ያላለፈውንም ያስታውሱታል። ከዘራቸውን ደገፍ ብለው ለምን እንደወደቅሁ ያስረዱኝ ጀመር።

"ልጄ፣ የተማሪ ውጤት የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው። በግላዊና በማኅበራዊ ምክንያቶች።"

"አዎ ጋሼ።"

"ግላዊ ማለት እንቅልፍሽ፣ ዕቅድሽ፣ ስልክሽ፣ የጊዜ አጠቃቀምሽ ነው። በተለይ ጊዜ። ጊዜሽን ማንም እንዲያባክንብሽ አትፍቀጂ።"

ስለ ጊዜ አጠቃቀም ከምሳ በኋላ የጀመሩትን እስከ አስር ሶላት ሰዓት አልጨረሱትም። እማዬ ልትሰግድ ተነስታ፣ ሰግዳ፣ ስትመለስ ጋሼ ገና "ስልክሽ" የሚለው ላይ ነበሩ።

"ጋሼ፣ ማኅበራዊውስ?" አልኳቸው፣ በዚያው ያልቃል ብዬ።

"እሱ ሰፊ ነው። ነገ እመለስበታለሁ" አሉና ተነሱ። ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ስለሆኑ በማግስቱ መጡ፤ ግን ግላዊው አልተጠናቀቀም ብለው ከእንቅልፍ ጀመሩ።

መሳቂያ የሚያደርገኝ ደግሞ የተማርኩት ትምህርት ነው፤ ሶሺዮሎጂ። ሰው ከሰው ጋር ሲኖር የሚሆነውን ማጥናት ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ማኅበረሰብ እንዳላጠና የከለከለኝ ራሱ ማኅበረሰቡ ነው። ይሄንን ለጋሼ ብነግራቸው አንድ ሳምንት ያስረዱኛል ብዬ ዋጥ አደረግሁት።

ክፍሌ ብገባም አልዳንኩም። የእማዬ ሱቅ ከቤታችን ፊት፣ አስፋልቱ ዳር ነው፤ የክፍሌ መስኮት ደግሞ በሱቁ ጎን በኩል ይከፈታል። ከሩቅ የመጣ ሰው መስኮት ካየ ሱቅ ነው የሚመስለው። ገና አንድ አንቀጽ ስጀምር እጅ ይገባና "ሳሙና አለ?" ይለኛል። በሩ በወዲያ ነው እላለሁ። እጁ ይወጣል። ሌላ እጅ ይገባል። መስኮቱን ብዘጋው በሙቀት ታፈንኩ። ብከፍተው ነጋዴ ሆንኩ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ አንድ ካርቶን ሳሙና ከአልጋዬ ሥር አስገባሁ።

እትዬ አስካለ ይሄን አይተው አዘኑልኝ። "ነይ የኔ ልጅ፣ ጓዳዬ ጭጭ ያለ ነው፣ እዚያ ትቀመጫለሽ" አሉኝ። ጓዳው እውነትም ጭጭ ያለ ነበር፤ ከሽንኩርቱ ሽታ በቀር። እንባዬ እየወረደ አነባለሁ። እትዬ አስካለ በየመሃሉ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው "ፍርፍር ላምጣልሽ? ሐብሐብ ልቁረጥልሽ?" ይላሉ፤ እንባዬን ሲያዩ ደግሞ ትምህርቱ የከበደኝ መስሏቸው እሳቸውም ያለቅሳሉ። ቁርስ ቤታቸው ደግሞ የደሴና የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ይቆሙበታል። ተሳፋሪው ግር ብሎ ሲገባ "ቀስ በሉ፣ ተማሪ አለች" ብለው ይጮኻሉ። የእሳቸው ጩኸት ከተሳፋሪው ይበልጣል። ተሳፋሪውም "የታለች?" ይልና መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ያየኛል። አንድ ሾፌርማ ጥርሱን እየፋቀ አጠገቤ ሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀምጦ እሱ ትምህርት ያቋረጠበትን ምክንያት ከሥር ከመሠረቱ አጫወተኝ። ረዳቱ ጥሩንባ እየነፋ ባይጠራው ኖሮ ደሴ ሳይገባ ይቀር ነበር።

ጥፋታቸው ነው እንዳልል ሁሉም የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው። እማዬ ሰደቃ አውጥታ ዱዓ አስደረገችልኝ። እትዬ አስካለ በበኩላቸው ለጊዮርጊስ ተሳሉልኝ። ሁለቱም ቤት ሲጸልዩልኝ ሻይ ያፈላሁት እኔ ነኝ። ፈተናው እየቀረበ ነው፣ ማሽላው እሸት እየያዘ ነው፣ እኔ ግን ምዕራፍ አንድ ላይ እንደተተከልኩ ነኝ። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ሻሹን እንዳላየው ሳሎኑን በሩጫ አልፍ ጀመር።

አጎቴ ሰይድ የደረሰልኝ ያን ጊዜ ነው። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ ቀወት ገጠር ውስጥ ማሽላ ያርሳል፤ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ ሲያንኮራፋ ደግሞ ሦስት ቤት የሚሰማለት ሰው ነው። በገበያ ቀን አህያውን ውጭ አስሮ ገባና ጋሼ ኃይሉ ስለ እንቅልፍ ሲያስረዱኝ አገኘን። ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ እማዬን ጠራት።

"እቴ፣ ይቺን ልጅ እዚህ አስቀምጠሽ ምን ልትሆን ነው? ወደኔ ትምጣ። ማማዬ ላይ ትውጣና ታንብብ። ወላሂ ሰው የሚባል አይደርስባትም።"

"ወፉስ?" አለች እማዬ።

"ወፉን አንዳንዴ ሃይ ትለዋለች። ሌላ ምን ሥራ አለባት።"

ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለገቡበት ወፍ ጠባቂ እየፈለገ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ። እኔ ግን ሰው አይደርስም ሲለኝ ሌላውን አልሰማሁም። መጽሐፎቼን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ፣ እስከ መንገዱ መጨረሻ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በአህያ ተከትዬው ሄድኩ።

ማማ ለማታውቁ፣ ማሽላው መሃል በእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መደብ ነው፤ ከላይ ጥላ፣ ከታች አራት እግር። የሚወጣበት ሰው ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ እህሉን ከወፍ ይጠብቃል። እኔም መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ፤ ነፋስ አለ፣ ጥላ አለ፣ ሳሙና የሚጠይቅ እጅ የለም። አልሃምዱሊላህ ብዬ ምዕራፍ ሁለትን ገለጥኩ።

አጎቴ "አንዳንዴ" ያለው ለካ "ሁልጊዜ" ማለቱ ነው። ግሪሳ ወፍ እንደ ሰፈራችን ሰው አይደለም፣ አይዞሽ ብሎ አይመጣም። ደመና መስሎ ይመጣና ማሽላው ላይ ይደፋል። ማኅበራዊ መዋቅር ማለት፣ ሃይ፣ በሰዎች መካከል፣ ሃይ ሃይ፣ ጸንቶ የሚቆይ፣ አንተ ሃይ፣ ምን ነበር ያልኩት፣ ከመጀመሪያው። በየማሳው ያለው ማማ ሁሉ ይጮኻል፤ ጅራፉ እንደ ጠመንጃ ይጮኻል፤ ወንጭፉ በጆሮዬ ጥግ ያፏጫል። ዝምታ ፍለጋ መጥቼ ጦር ሜዳ ገባሁ። የመጀመሪያው ሰሞን ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ማታ ስወርድ አጎቴ ማሽላውን እየዳበሰ ይዞራል፤ እህሉ ምንም አልተነካም፣ እሱ ግን ፊቱ ጠቁሯል። ምን አጠፋሁ እላለሁ በልቤ፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አላስነካሁ።

እየዋለ እያደረ ግን አንድ ነገር ሆነ። ጩኸቱን ለመድኩት። የዙሪያው ጅራፍና ሁካታ እንደ ዝናብ ድምፅ ሆነልኝና መጽሐፉ ውስጥ ሰመጥኩ። እግሬ እንኳ ረጋ። ምዕራፉ ምዕራፉን እየጠራው ሄደ። ወፎቹም የቀነሱ መሰለኝ፤ ድምፄን ፈርተው ነው ብዬ በሆዴ ኮራሁ። አጎቴም ደስታው ተመለሰ፤ ማታ ማታ ማሽላውን እየዳበሰ መንዙማ ያንጎራጉራል፣ ከዚያ ለእማዬ ደውሎ "ዛሬ ደህና አጥንታለች" ይላታል። አንዱንም ቀን ምን አነበብሽ ብሎ ሳይጠይቀኝ በምን አወቀ ብዬ ይገርመኝ ነበር።

ፈተናው ደረሰና ወደ ደጋ ወጣሁ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ በአውቶቡሱ መስኮት ሲረባረቡ ሳላስበው "በሩ በወዲያ ነው" ብዬ አረፍኩ። ዩኒቨርሲቲው ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ አስገብተው አስቀመጡን። ያ ስመኘው የኖርኩት ዝምታ እዚያ ነበር። ወለሉ ዝም፣ ግድግዳው ዝም፣ ሰው እንኳ ትንፋሹን የዋጠ ይመስላል። ፈተናው ተከፈተ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውጤት ላይ ተጽዕኖ ከሚያሳድሩ ግላዊና ማኅበራዊ ምክንያቶች ዋነኛው የቱ ነው ይላል።

ጋሼ ኃይሉ ቢሰሙ በእልልታ ይሞቱ ነበር። እኔ ግን ጭንቅላቴ ባዶ ቀፎ ሆነ። አነበብኩት፣ ደገምኩት፤ ፊደሉ ይታየኛል፣ ትርጉሙ የለም። ዝምታው ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ይጮኻል። እግሬ ይርገበገብ ጀመር። ሻሹ መጣብኝ፣ ጥርሴ መጣብኝ። በዚያ መሃል መስኮቱ ጫፍ ላይ አንዲት ድንቢጥ ዱብ አለች።

"ሃይ" አልኩ። ቀስ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ቀወት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ ከነእጄ መወራጨት። አጠገቤ ያለው ልጅ ከወንበሩ ወደቀ።

ፈታኟ፣ መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሴትዮ፣ እየሮጡ መጡ። "ምን ሆነሽ ነው?"

"ወፍ" አልኳቸው።

"የት አለ ወፍ?"

ክፍሉ በሙሉ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ድንቢጧ ሄዳለች። ያስወጡኛል ብዬ እንባዬ መጣ፤ ቢያስወጡኝ ሦስተኛ ዕድል የለም። ሴትዮዋ ግንባሬን ዳሰሱ፣ ትኩሳት እንዳለኝ አመኑ መሰለኝ፣ "ሌላውን እንዳትረብሺ" ብለው ዕቃዬን አንስተው ጥግ ያለው ባዶ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጡኝ። እዚያ ማንም ያልተቀመጠው ከመስኮቱ ውጭ ሕንፃ ስለሚሠራ ነው። ሚስማር ይመታል፣ ቆርቆሮ ይወድቃል፣ ሲሚንቶ ማቡኪያው ያጓራል፣ ግንበኞቹ ይሰዳደባሉ። ምን ልበላችሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ምዕራፎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ቀና ያልኩት ጊዜው አልቋል ሲባል ነው።

ውጤት መጠበቅ ግን ከማጥናት ይብሳል። ቤት ተመልሼ ከሱቅ ሳሎን፣ ከሳሎን ሱቅ እመላለሳለሁ። ጋሼ ኃይሉ ግላዊውን ጨርሰው ማኅበራዊውን ሊጀምሩ መጡ። አልቻልኩም። የማሽላ አጨዳ ደርሶ ነበርና ላግዝ ብዬ ወደ አጎቴ በረርኩ።

ማማዬ ዙሪያ ያለውን ማሽላ ሳጭድ ዛላው እጄ ላይ እንደ ላባ ቀለለኝ። አንዱን ፈተግ አደረግሁት፤ ገለባ ነው። ሌላውንም። ከማማው ሥር ጀምሮ እስከ ማሳው ግማሽ ድረስ ፍሬ የለውም።

"አጎቴ፣ ይሄን ማን በላው?"

"ወፍ ነዋ። ማን ይበላዋል።"

"እኔ ማማው ላይ እያለሁ?"

"አንቺ ማማው ላይ እያለሽ።" ማጭዱን ትከሻው ላይ አደረገና አየኝ። "ፈተናውን እንዴት አደረግሽው?"

አፍሬ የሆንኩትን ሁሉ ነገርኩት፣ ጩኸቱንም፣ ሴትዮዋንም።

"ስንቴ ጮህሽ?"

"አንዴ። መጀመሪያ ላይ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እስኪያልቅ ጭጭ።"

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። "እንግዲያው አልፈሻል" አለኝ። "የመጀመሪያው ሰሞን ቀኑን ሙሉ ስትጮኺ ማሽላዬ ዳነ፣ የእቴ ልጅ ግን ጠፋች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ኋላ ዝም አልሽ። ከታች ሆኜ ሳይ ወፉ ከእግርሽ ሥር ይበላል፣ አንቺ ቀና አትይም። በቃ መጽሐፉ ውስጥ ገባች አልኩ። የሰፈሩ ሰው ወፍ ቀላቢ አመጣህ ብሎ መሳቂያ አደረገኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትጮኺያለሽ።"

"አንተስ ራስህ ለምን አላባረርክም?"

"እኔ ከጮህኩ ቀና ትያለሽ" አለና ማጨዱን ቀጠለ። "የወዲያኛው ጎን ደህና ነው፣ አልሃምዱሊላህ፣ ይበቃናል።"

ፈተናው ላይ ከነበሩት ምርጫዎች ውስጥ ቤተሰብ የሚል ነበር፣ የግል ጥረት የሚልም ነበር። ዝም ብሎ ማሽላውን ለወፍ የሚሰጥ አጎት የሚል አልነበረም። ያን ቀን ቀና ሳልል አጨድኩ።

ውጤቱ የወጣ ቀን ሳሎናችን እንደ መጀመሪያው ሰሞን ሞላ። ኔትወርኩ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ፣ በመጨረሻ ስልኬ ላይ "አልፏል" የሚለው ሲወጣ እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ ሻሹን ከፎቶው ላይ አነሳችና ፊቷን ጠረገችበት። አቧራው ሁሉ ፊቷ ላይ ቀረ።

ከዚያማ ክርክሩ ተጀመረ። እትዬ አስካለ ስለቱ ነው አሉ፣ እማዬ ዱዓው ነው አለች፣ ጋሼ ኃይሉ ደግሞ ውጤቱ የግላዊ ምክንያቶች ፍሬ መሆኑን ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ አረጋገጡ፤ ማኅበራዊውን ቢጨርሱልኝማ በማዕረግ አልፍ እንደነበረ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነው። አጎቴ ሰይድ በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ የክርክሩን አንድ ቃል ሳይሰማ ፎቶዬን ሲያይ ቆየ።

"የእቴ ልጅ" አለኝ ስደርስበት፣ "ይሄ ጥቁር ልብስ እጁ ሰፊ ነው። ለከርሞ አውሺኝ፣ ማማው ላይ ልስቀለው። ወፉ ይፈራዋል።"

"መልሰነዋል አጎቴ። የኪራይ ነው።"

ብርጭቆውን አቀበለኝ።

"እንግዲያው ራስሽ ነይ" አለኝ። "ግን መጽሐፍ እንዳትይዢ።"